የልብ ብረት በማግኔት ሲለካ፤ ሚዛኑ ለጣና ዳር ሰው ይሆናልን?

ሐኪሞች በሰው ልብ ውስጥ የተከማቸውን ብረት ቢላዋ ሳያነሡ፥ መርፌም ሳይወጉ ለመለካት የሚያስችላቸው ዘዴ ከተገኘ ሃያ ዓመት አልፎታል። መሣሪያው በማግኔት ኃይል የሚሠራው ኤም.አር.አይ. ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሰብነው ዘዴውን ማወደስ አይደለም፤ ማወደሱንስ ሌሎች አድርገውታል፥ ይገባዋልም። ያሰብነው፥ ሚዛኑ በማን ላይ እንደ ተሠራ ከጠየቅን በኋላ፥ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለሚኖረው እንጀራ በል ሕዝብ ሊውል ይችል እንደ ሆነ መመርመር ነው። ጥያቄው ለጨዋታ ያኽል የተነሣ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰው በምግቡ የሚያስገባው ብረት ከሌላው ዓለም ሕዝብ እጅግ ይበልጣል ተብሎ ከተጻፈ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗል። ስለዚህ «ይህ ሁሉ ብረት ወዴት ይሄዳል? በልባችንስ ይቀመጥ ይሆን?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። «ጤፍ ለሚበላ ሰው የብረት ክኒን ምን ያደርግለታል?» የሚሉም አይጠፉም። ይህ የኋለኛው አነጋገር ለነፍሰ ጡር ሴት የሕይወት ጕዳይ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ስለ ዘዴው ጥቂት እንበል። ጤናማ ሰው በመላው አካሉ የሚይዘው ብረት ከ3 እስከ 4 ግራም ቢሆን ነው፤ ብዙውም በደም ውስጥ ነው። በየቀኑ የሚጠፋበት ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ሲሆን፥ ትርፍ ብረትን አውጥቶ የሚጥልበት በር ሰውነት የለውም። አንድ ከረጢት ደም ግን ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይዞ ይገባል። እንግዲህ ታላሴሚያ በተባለው የደም በሽታ ምክንያት በየወሩ አንድ ከረጢት የሚሰጠው ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ 24 ከረጢት ቢቀበል፥ 5 ግራም ያኽል ብረት፥ ይኸውም አንድ ሙሉ ሰው በአካሉ ከሚይዘው የበለጠ፥ ተጨመረበት ማለት ነው። ትርፉ በመጀመሪያ በጉበት ይቀመጣል፤ ውሎ አድሮ ልብ ይደርሳል። ብረት የበዛበት የልብ ጡንቻ ለጊዜው ምንም ሳያሳይ ይቈይና፥ ድካሙ በታወቀ ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ነገሩ መሽቶበት ይገኛል።

ብረት የማግኔትን ሥርዓት ያውካል። በመሣሪያው ውስጥ ከሰውነት የሚመለሰው ምልክት ብረት በተከማቸበት ስፍራ ቶሎ ይደክማል። ምልክቱ የሚደክምበት ጊዜ ቲ ቱ ስታር ተብሎ በሚሊሴኮንድ ይቈጠራል፤ ብረቱ በበዛ መጠን ይህ ጊዜ ያጥራል። ሕመምተኛው አንዴ ትንፋሹን ይዞ ሳለ መሣሪያው ተከታታይ ሥዕሎች ያነሣል፥ ልኩም የሚወሰደው ልብን ለሁለት ከሚከፍለው ግድግዳ ላይ ነው። በሳንባ በኩል ያለው የልብ ገጽ ለአየር ቅርብ ስለ ሆነ ልኩን ያሳስታል።

ይህን ዘዴ በሰፊው ያስታወቀው በ2001 በሎንዶን አንደርሰንና ባልደረቦቻቸው 106 የታላሴሚያ ሕመምተኞችን መርምረው ያወጡት ጽሑፍ ነው። ሁለት ነገር አሳየ። አንደኛ፥ የልባቸው ጕልበት ደክሞ የተገኙት ሕመምተኞች ሁሉ ቍጥራቸው ከ20 ሚሊሴኮንድ በታች ነበር። ሁለተኛው፥ በእኛ አስተያየት የሚበልጠው፥ በደም ውስጥ የሚለካው ፌሪቲንም ሆነ በጉበት ያለው ብረት ስለ ልብ የሚናገረው ነገር እንደሌለ መታወቁ ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሐኪሙ የጉበቱን ብረት ለክቶ ስለ ልቡ ይገምት ነበር። ግምቱ መሠረት የሌለው ሆኖ ተገኘ። በ2009 ደግሞ ኪርክና ባልደረቦቻቸው 652 ሕመምተኞችን ተከታትለው፥ በአንድ ዓመት ውስጥ ልባቸው ከደከመባቸው መካከል 98 በመቶው ከ10 ሚሊሴኮንድ በታች እንደ ነበሩ ጻፉ። በብሪታንያም የታላሴሚያ ሕመምተኞች ከብረት ብዛት የተነሣ የሚሞቱበት መጠን ከ2000 ወዲህ በ71 በመቶ እንደ ቀነሰ በ2008 ተጽፏል፤ ለዚህም ምክንያት ከተባሉት አንዱ ይኸው ልኬትና እርሱን ተከትሎ የመጣው የተሻለ ብረት አስወጋጅ ሕክምና ነው። ይህን ያኽል ሕይወት ያተረፈን ዘዴ ለመንቀፍ የሚነሣ ተማሪ ቢጠነቀቅ ይሻለዋል፤ እኛም ተጠንቅቀናል።

ነገር ግን ሚዛን የሚታመነው በተሞከረበት ሸቀጥ ላይ ነው። ሚሊሴኮንዱን ወደ ብረት ክብደት የሚለውጠው ቀመር የወጣው በ2011 ካርፐንተርና ባልደረቦቻቸው በመረመሯቸው 12 የሰው ልቦች ነው። 12ቱም ደም በብዛት የተሰጣቸው ሰዎች ልቦች ነበሩ። በቀመሩ መሠረት 20 ሚሊሴኮንድ ማለት በአንድ ግራም የደረቀ የልብ ሥጋ 1.2 ሚሊግራም ያኽል፥ 10 ሚሊሴኮንድም 2.7 ሚሊግራም ያኽል ብረት ማለት ነው። እንደምናየው ሚዛኑ በከባዱ ወገን የተስተካከለ ነው። የጤናማ ሰዎች ቍጥር ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ባለው መካከል ይወድቃል፤ በዚያ ስፍራ አንዱ ሰው 35፥ ሌላው 45 ቢያሳይ ስለ ብረታቸው ይህን ያኽል የምንለው ነገር የለም። የእህል መጫኛ ሚዛን የወርቅ ቀለበት ቢጭኑበት መርፌው እንደማይነቃነቅ ያለ ነው። ከዚህም በቀር መሣሪያው የሚያየው ተከማችቶ የተቀመጠውን ብረት ነው፤ ጡንቻውን የሚጎዳው ደግሞ ሳይታሰር የሚዘዋወረው ጥቂቱ ብረት ነው። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ ተብሎ ይታሰባል፥ ግን አንድ አይደሉም። ደግሞም 20 የተባለው ወሰን የ1.5 ቴስላ ማግኔት ወሰን ነው፤ ጕልበቱ የተለየ ማሽን ያለው ቤት ቍጥሩን እንዳለ ቢወስደው ይስታል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1958 አንድ የአሜሪካ የሥነ ምግብ ቡድን በኢትዮጵያ ሰፊ ጥናት አድርጎ፥ ሕዝቡ በቀን በመቶዎች የሚቈጠር ሚሊግራም ብረት ይመገባል የሚል ውጤት አገኘ። ለአንድ ሰው በቀን የሚመከረው ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ገደማ መሆኑን ስናስብ ቍጥሩ የሚያስደነግጥ ነው። በ1968 ሆፍቫንደር የተባሉት ስዊድናዊ ሐኪም ይህንኑ ጕዳይ የተመለከተ ትልቅ የደም ጥናት አሳተሙ። በ1976 ደግሞ መሐሪ ገብረ መድኅንና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ የእርግዝና ደም ማነስ ብርቅ ነው የሚል ርእስ ያለው ጽሑፍ አወጡ። ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ «ጤፍ የብረት ጎተራ ነው» የሚለው አነጋገር ከመጻሕፍት ወደ ቤት ገባ፤ ዛሬ በባሕር ማዶ በጤፍ ዱቄት ከረጢት ላይ ሳይቀር ይነበባል።

ይህን አነጋገር የነቀፈው የ1980ው የብሥራትና የባልደረቦቻቸው ጥናት ነው። በአሲድ ታጥቦ የጸዳ ጤፍ ያለው ብረት ከሌላው እህል እምብዛም እንደማይበልጥ አሳዩ። ትርፉ ታዲያ ከየት መጣ? ከአውድማ ነው። ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ የሚያስፈልገው ሰው፥ በመከር ጊዜ ከባሕር ዳር ወጥቶ እስከ መራዊ ቢሄድ ይበቃዋል። አውድማው ይጠረጋል፥ በእበት ይለቀለቃል፤ ነዶው ይበተንና በሬዎች ሲዞሩበት ይውላሉ። በሜጫ ቀይ አፈር፥ በፎገራ ጥቍር አፈር ከእህሉ ጋር ይደባለቃል። ባቄላ ቢሆን ጠጠሩ ይለቀማል፥ ገብስም ቢሆን አፈሩ በወንፊት ይወርዳል። ጤፍ ግን 1000 ፍሬው ተሰብስቦ 0.3 ግራም ያኽል ብቻ ነው የሚመዝን። የአፈሩ ቅንጣት ከፍሬው ጋር እኩል ስለ ሆነ፥ እናቶቻችን የቱን ያኽል ቢያበጥሩትና ቢነፉት ጥቂቱ መቅረቱ አይቀርም።

ሒሳቡን ለምሳሌ ያኽል እንሥራው። አንድ ሰው በቀን 400 ግራም ጤፍ ይብላ እንበል፤ ከመቶው አንዱ እጅ አፈር ይሁን። 4 ግራም አፈር ሆነ። ከአፈሩ ከመቶ አምስቱ ብረት ቢሆን፥ 200 ሚሊግራም ብረት በአንድ ቀን በላ ማለት ነው። የ1958ቱ አስደንጋጭ ቍጥር እንግዲህ ምሥጢር የለውም። ለነፍሰ ጡር የሚታዘዘው ክኒን ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረት ያለው ስለ ሆነ፥ በወረቀት ላይ እንጀራዋ ክኒኑን ከሦስት እጅ በላይ ይበልጠዋል። ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ይህን 200 ሚሊግራም ሰውነት ከመቶው አምስቱን ብቻ ቢቀበለው ኖሮ በቀን 10፥ በዓመትም 3.6 ግራም ያኽል ይገባ ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ ብረት በዘር የሚከማችባቸው አውሮፓውያን ሕመምተኞች የሚደርሱበትን መጠን እናልፈው ነበር። እንዲህ ያለ ወረርሽኝ በጣና ዳር የለም። ለምን? ሁለት መልስ አለ። አንዱ፥ የአፈር ብረት እንደ ዝገት ያለ ስለ ሆነ በሆድ ውስጥ አይሟሟም የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ሰውነት ሲሞላ በሩን ይዘጋል የሚል ነው። ሆፍቫንደር በጻፉበት ዘመን ይህ ሁለተኛው መልስ በቂ ማስረጃ አልነበረውም፤ በሩን የሚዘጋው ሄፕሲዲን የተባለው ንጥረ ነገር የታወቀው በ2000 እና በ2001 ነው። እንግዲህ ሕመሙ አለመገኘቱ ብቻውን ብረቱ የማይጠቅም መሆኑን አያስረዳም። በ2018 ጉጃና ባዬ ባሳተሙት ጥናት፥ ደም ያነሳቸው አይጦች ከአፈር የመጣ ብረት ሲሰጣቸው ደማቸውን ለመተካት እንደ ረዳቸው ታይቷል። አይጥ ሰው አይደለችም፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን መልስ በጭፍን የያዘ ሰው ይህን ጥናት ሳያነብ ማለፍ የለበትም። ቡሖውም ሲቦካ ጎምዛዛ መሆኑን፥ እርሾውም ብረትን የሚያስረውን ፋይቴት የተባለውን ነገር እንደሚቀንሰው ማስታወስ ይገባል።

በዚህ ስፍራ የደቡብ አፍሪካን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። በዚያ አገር ከምግብ የመጣ የብረት ብዛት በእርግጥ ሰው ጎድቷል፤ ስትራካን በ1929 ጽፈውታል። ምክንያቱ በብረት ዕቃ ውስጥ የሚጠመቅ ጠላ ነበር። ጎምዛዛው መጠጥ የዕቃውን ብረት ያሟሟዋል፤ የተሟሟ ብረት ደግሞ በቀላሉ ይገባል። በ1992 ጎርዱክና ባልደረቦቻቸው መጠጡ ብቻውን አይበቃም፥ ከዘር የመጣ ዝንባሌም አለበት የሚል ማስረጃ አቀረቡ። የእኛ ጠላ የሚጠመቀው በሸክላ ጋን ነው፤ ምጣዱም ሸክላ ነው። ዛሬ የፕላስቲክ በርሜል ጋኑን እየተካው ነው፥ ለጣዕሙ ብናዝንም ለጉበታችን የሚያሰጋ አይደለም። ሁለቱን አገሮች አንድ አድርጎ «የአፍሪካ ብረት» ብሎ መጻፍ ግን የጋንና የበርሜልን ልዩነት አለማወቅ ነው።

የማግኔቱ ሚዛን ታዲያ ከሁለቱ መልሶች የትኛው እውነት እንደ ሆነ ሊለይልን ይችላልን? የልቡ ልኬት አይችልም፤ ይህ የትችታችን ዋና ነጥብ ነው። ከምግብ የሚመጣ ብረት አስቀድሞ የሚቀመጠው በጉበት ነው፤ በደቡብ አፍሪካም ቢሆን በዋነኛነት የተጎዳው ጉበት ነበር። ልብ የመጨረሻው ጎተራ ነው። ስለዚህ አንድ ተመራማሪ ከጣና ዳር መቶ ገበሬ ሰብስቦ የሁሉም ልብ ከ20 ሚሊሴኮንድ በላይ ሆኖ ቢያገኘው «ጤፍ በል ሕዝብ ብረት አልበዛበትም» ሊል አይችልም፤ የጎተራውን በር ሳይከፍት ደጁን አይቶ ተመልሷል። የሎንዶኑ ጥናት ከጉበት ተነሥቶ ስለ ልብ መናገር እንደማይቻል አስተማረን፤ ትምህርቱ በተገላቢጦሽም ይሠራል፥ ከልብም ተነሥቶ ስለ ጉበት መናገር አይቻልም። ደስ የሚለው፥ ያው መሣሪያ በዚያው ቀጠሮ ጉበቱንም ይለካል። ሥዕሉን ጥቂት ወደ ታች ማውረድ ብቻ ነው።

ለምን ደሙን ብቻ አንመረምርም? የሚል ይኖራል። ፌሪቲን በብረት ብቻ ሳይሆን በትኵሳትና በቍስለትም ይጨምራል። ወባ በሚመላለስበት በደንቢያና በፎገራ ሜዳ፥ ቢልሃርዝያም በሚታወቅበት በሐይቁ ዳር፥ ከፍ ያለ ፌሪቲን ስለ ብረት ይሁን ስለ በሽታ የሚናገር መሆኑን መለየት ያስቸግራል። የጉበት ኤም.አር.አይ. ይህ ችግር የለበትም። ስለዚህ መሣሪያውን ከመንቀፍ ይልቅ ወዴት እንደሚነጣጠር መንቀፋችን ነው።

ሌላው ቅሬታችን ስለ ጥያቄው ራሱ ነው። በዚህ አገር ሴቶችንና ሕፃናትን የሚጎዳው የብረት ብዛት ነው ወይስ ማነስ? በአገር አቀፍ የሕዝብና ጤና ጥናት ደም ያነሳቸው ሴቶች በ2005 ከመቶ 27፥ በ2011 ከመቶ 17፥ በ2016 ከመቶ 24 ነበሩ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በ2016 ከመቶ 57 ናቸው። በ2009 ሐይደርና ፖቦሲክ የብረት እጥረት ደም ማነስ በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ብርቅ አይደለም ብለው ጻፉ፤ ርእሱ የ1976ቱን ርእስ ፊት ለፊት የሚመልስ ነው። እነዚህንም ቍጥሮች ቢሆን እንዳሉ አንውጣቸው። የሄሞግሎቢን ወሰን ለከፍታ ይታረማል፤ ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ሆነች እርማቱ ይመለከታታል። ነገር ግን ቢል የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2002 እንዳሳተሙት፥ በሰሜን ተራሮች አምባራስ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ወለል ላይ ካለ ሰው እምብዛም አይለይም። እርማቱ የወጣው ከፍታ ደማቸውን ከሚያወፍርባቸው ሌሎች ሕዝቦች ከሆነ፥ በእኛ ደጋ ላይ ጤነኛውን ደም ያነሰው ብሎ ሊቈጥር ይችላል። ሚዛን ከሌላ አገር ተውሶ ማምጣት የሚያስከትለው ይህን ነው፤ የልቡም ሚዛን በዚሁ ዓይን ይታይ።

ደም ማነሱ ግን በእርማት ተፍቆ የሚጠፋ አይደለም። በ2016ቱ ጥናት የብረት ክኒን ለ90 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የወሰዱ ነፍሰ ጡሮች ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። «ጤፍ ይበቃታል» የሚለው ቃል ከዚህ ቍጥር ጎን ሲቆም ቀልድነቱ ይቀራል። ልብንም በተመለከተ፥ በ2009 የታተመው በ459 የልብ ድካም ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ሙከራ፥ ብረት የጎደላቸው ሕመምተኞች በደም ሥር ብረት ሲሰጣቸው ሁኔታቸው እንደ ተሻሻለ አሳይቷል። ቲ ቱ ስታር የብረትን ብዛት እንጂ ጕድለትን በሚያስተማምን አኳኋን አያሳይም። በአብዛኛው ጕድለት በሚያሰጋው ስፍራ ብዛትን ብቻ የሚያይ መሣሪያ ማስቀደም፥ ድርቅ በሚፈራበት አገር የጎርፍ መለኪያ እንደ መትከል ያለ ነው።

ይህን ስንል ሕዝቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ይበላል ማለታችን አይደለም። በዘጌ በበሬ ማረስ በጥንት ሥርዓት የተከለከለ ስለ ሆነ እህሉ ከገበያ ይመጣል፤ የየአውድማው አፈር የተቀላቀለበት ነው። ዘጌ የቡና አገር ናት፥ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡና ደግሞ የብረትን መግባት ይቀንሳል። ዓሣ የሚበሉት የሐይቁ ዳር ቤተ ሰዎች በአንጻሩ ሥጋው ብረት እንዲገባላቸው ያግዛል። የጾሙም ቀን በዓመት ከግማሽ አያንስም። ስለ ጣና ዳር ሰው ብረት ለማጥናት የሚነሣ ሁሉ ከዘጌ ጀምሮ ስለ ደራ፥ ከደራ ጀምሮ ስለ ዳንግላ ባይናገር መልካም ነው።

እኛ ብንጠየቅ የምናስቀድመው ጥናት ርካሽ ነው። ከአንድ ማሳ የታጨደውን ጤፍ ለሁለት ከፍሎ፥ ግማሹን በእበት በተለቀለቀ አውድማ በበሬ ማበራየት፥ ግማሹን በሸራ ላይ መውቃት፤ ከሁለቱም እንጀራ ጋግሮ ብረቱንና የሚሟሟውን ክፍል መለካት። የመውቂያ መኪና በየወረዳው እየገባ ስለ ሆነ ሥራው ጊዜ አይሰጥም። በሬው ከአውድማ ሲወጣ አፈሩም ከእንጀራው ይወጣል፤ የአፈሩ ብረት በእርግጥ ይጠቅም ከነበረ፥ ማንም ሳይቈጥረው የሚቀርብን ነገር አለ።

የልብ ልኬቱ የሚገባቸው ሰዎች በእኛም ዘንድ አሉ፤ እነርሱም ደም ደጋግሞ የሚሰጣቸው ናቸው። መቅኒያቸው ደም ማምረት ያቆመባቸው፥ ወይም ማጭድ ሴል በተባለው በሽታ የተያዙ። የኋለኞቹ ልብ ከታላሴሚያ ሕመምተኞች ልብ ይልቅ ከብረት እንደሚድን በውጭ አገር ጥናቶች ታይቷልና፥ በዚህም የሎንዶኑን ልክ እንዳለ ማውረድ አይገባም። ለእነዚህ ሕመምተኞች ከማናቸውም ማሽን በፊት የሚያስፈልገው በካርዳቸው ላይ የተቀበሉት የደም ከረጢት ቍጥር ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ መጻፉ ነው። ከረጢቱ ሃያ ሲደርስ 4 ግራም ብረት እንደ ገባ ማንኛውም የሕክምና ተማሪ በጣቱ ሊቈጥረው ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ፌሪቲኑ ይመርመር፥ ማግኔቱም ጉበቱንና ልቡን አብሮ ይልካ።